ምልክቱ ለምን ይዞራል? ለታናሽ ወንድሟ መልስ ላጣች እህት

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ታናሽ ወንድሜን ሒሳብ የማስጠናው እኔ ነኝ። እኩልታ ላይ ጎበዝ ነበር፤ ያለእኩልነት ሲጀምሩ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። 5 − 2ሀ > 11 የሚለውን ሠርቶ ‹ሀ > −3› ብሎ አመጣልኝ። ‹በኔጌቲቭ ስታካፍል ምልክቱ ይዞራል፣ ረሳኸው› አልኩት። ‹ለምን ይዞራል? እኩልታ ላይ የሚዞር ነገር የለም፣ ስንቀንስም አይዞርም፤ አሁን ለምን?› አለኝ። እኔም ስማር ማንም አልነገረኝም። ‹ሕጉ ነው፣ ዝም ብለህ ያዘው!› ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ አይጠይቀኝም። የሰጠሁትን ይሠራል፣ ግማሹን ይሳሳታል። በቁጥር መስመር ላይ ሲስል ክቡን አንዴ ይሞላዋል፣ አንዴ ባዶ ይተወዋል፤ በግምት ነው። ትናንት ደግሞ አንድ ጥያቄ ላይ ሀ ራሱ ጠፋበትና ደብተሩን ዘግቶ ተነሣ። ምን ላድርግ? መልስ ያጣችው እህት።»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የነካው የተሳሳተው ምልክት አይደለም፤ «ከዚያ ወዲህ ጥያቄ አይጠይቀኝም» ያልሽው ነው። ምልክት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቃናል። መጠየቅ ያቆመ ልጅ ግን ሒሳብን እንደ ድግምት መሸምደድ ይጀምራል፤ የሸመደደውም ፈተናው ባለፈ ማግስት ይጠፋዋል። ስለዚህ ወደ ሀ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። አጠገቡ ቁጭ በይና «ያን ቀን የጠየቅከኝን አላውቀውም ነበር፤ የተቆጣሁትም ስላላወቅኩት ነው። አሁን አብረን እንየው» በይው። ታላቅነትሽ በዚህ አይቀንስም። ታላቅ እህቱ የማታውቀውን «አላውቅም» ስትል የሰማ ልጅ፣ እሱም ያልገባውን «አልገባኝም» ለማለት አያፍርም።

ደግሞም ጥያቄው በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ሊጠየቅ ከሚችለው ሁሉ ዋነኛው ነው። እሱን ይዘን ከሄድን ክቡም፣ የጠፋው ሀም በየቦታቸው ይገባሉ።

«ሕጉ ነው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። በሒሳብ ውስጥ ሕግ የምንላቸው ነገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ትልቁ ችግር ለልጆች ሳንለይ መስጠታችን ነው። አንደኛው ዓይነት ሰዎች ተስማምተው ያጸደቁት ነው። «እኩል ነው» ለማለት = የምንጽፈው ሮበርት ሬኮርድ የተባለ የዌልስ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1557 ባሳተመው መጽሐፍ ስላስተዋወቀው ነው፤ ርዝመታቸው አንድ ከሆነ ሁለት ትይዩ መስመሮች የበለጠ እኩል የሆነ ነገር አላገኘሁም ብሎ። < እና > ደግሞ በእንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪዮት ሥራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1631 ታትመው ወጡ፤ ሰውየው ከሞተ 10 ዓመት ሆኖት ነበር። ከሥራቸው የእኩልነት መስመር የተጨመረባቸውን ምልክቶች ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ የተጠቀመባቸው እ.ኤ.አ. በ1734 ነው፤ ዛሬ ≤ እና ≥ ብለን እንጽፋቸዋለን። ባዶ ክብና የተሞላ ክብም ስምምነት ነው፤ በክብ ፈንታ ቅንፍ የሚስሉ መጻሕፍት አሉ። ወንድምሽ ስለነዚህ «ለምን?» ካለ «ሰዎች እንዲህ እንጻፈው ብለው ተስማሙ፣ ሌላ ምልክት ሊመርጡም ይችሉ ነበር» ማለት እውነተኛ መልስ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ማንም ያልወሰነው ነው። የዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ሁሉ ተሰብስበው «ከእንግዲህ በኔጌቲቭ ስናካፍል ምልክቱ አይዞርም» ብለው ቢፈርሙ እንኳ የወንድምሽ መልስ ትክክል አይሆንም። ለምን እንደማይሆን አሁኑኑ ማየት ይቻላል።

ሀ > −3 ብሏል። 0 ከ−3 ይበልጣል፤ ስለዚህ በእሱ መልስ መሠረት 0 መፍትሔ መሆን አለበት። በሀ ቦታ 0 አስገቡ፦ 5 − 2 × 0 = 5። 5 ከ11 ይበልጣል? አይበልጥም። በቃ፣ መልሱ ወደቀ። የመልስ ገጽ አላየንም፣ ሕግ አልጠቀስንም። አሁን −4 አስገቡ፦ 5 − 2 × (−4) = 5 + 8 = 13፤ 13 ከ11 ይበልጣል። −10 ብታስገቡ 25 ይመጣል፣ እሱም ይበልጣል። ራሱ −3 ሲገባ 5 + 6 = 11 ይሆናል፤ 11 ደግሞ ከ11 አይበልጥም፣ እኩሉ ነው። እንግዲህ −3 ድንበር ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን እውነት የሚያደርጉት ቁጥሮች ከድንበሩ በስተግራ ያሉት ሁሉ ናቸው፣ ድንበሩ ራሱ ግን አይገባም።

ይህችን ቁጥር አስገብቶ የመሞከር ልማድ ከሁሉም በፊት አስይዢው። ወንድምሽ እኩልታ ላይ ጎበዝ መሆኑ ራሱ እዚህ ሳያደናግረው አልቀረም። እኩልታ «የትኛው ቁጥር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ አንዱን ቁጥር አግኝተሽ ከሥሩ መስመር ታሰምሪና ሥራው አለቀ። ያለእኩልነት የሚጠይቀው «የትኞቹ ቁጥሮች ናቸው?» ብሎ ነው። መልሱ ማለቂያ የሌለው ሕዝብ ነው፤ ሀ < −3 ብለን መጨረሻ ላይ የምንጽፈው መስመርም የዚያ ሕዝብ መገለጫ ነው። ልጁ ይህን ካላወቀ የመጨረሻዋን መስመር እንደ አንድ ነገር ይቆጥራታል፤ ምልክቷም ወዲህ ብትዞር ወዲያ ለእሱ ልዩነት አይኖራትም። እያንዳንዱ ቁጥር እየመጣ «እኔ እገባለሁ?» ብሎ የሚጠይቅበት በር ነው ብሎ ካሰበው ግን የምልክቱ አቅጣጫ ትርጉም ያገኛል።

ወደ «ለምን» እንሂድ። ረጅም ቀጭን ወረቀት ቁረጪ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቢሆን ይመረጣል። መሃሉ ላይ 0 ጻፊ፣ በስተቀኝ እስከ 6፣ በስተግራ እስከ −6 በእኩል ርቀት አስፍሪ። በደብተሩ ላይ ደግሞ ልክ እንደዚያው ያለ የቁጥር መስመር ሥሪና ወረቀቱን ከላዩ አስተካክለሽ አኑሪው። በወረቀቱ ላይ 2 እና 5 ላይ ጎላ ያለ ነጥብ አድርጊ። የ2 ነጥብ በስተግራ፣ የ5 ነጥብ በስተቀኝ ነው፤ 2 < 5 ማለት በቁጥር መስመር ላይ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ወንድምሽ ወረቀቱን በአንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ያንሸራትተው። 1 ደመርን ማለት ነው፤ ነጥቦቹ 3 እና 6 ላይ ዐረፉ። ወደ ግራ በ4 ይመልሰው፤ −1 እና 2 ላይ ዐረፉ። የፈለገውን ያህል ያንሸራትት፤ ሁለቱም እኩል ስለሚጓዙ አንዱ ሌላውን አይቀድምም። ስንደምርና ስንቀንስ ምልክቱ የማይዞረው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ቦታ መልሱትና የሚለጠጥ ላስቲክ ነው ብላችሁ አስቡ፣ 0 ደግሞ በመርፌ ተቸንክሯል። በ2 ማባዛት ላስቲኩን መሳብ ነው፦ 2 ወደ 4፣ 5 ወደ 10 ይሄዳሉ። ለ2 ማካፈል መልቀቅ ነው፦ 1 እና 2.5 ላይ ይሰበሰባሉ። ይራራቁ ይቀራረቡ እንጂ የግራው ግራ፣ የቀኙ ቀኝ እንደሆነ ይቀራል።

አሁን በ−1 አባዙ። 2 ወደ −2፣ 5 ወደ −5 መሄድ አለባቸው፤ እያንዳንዱ ከ0 ያለውን ርቀት ይዞ ወደ ማዶ ይሻገራል። ይህን በማንሸራተትም በመለጠጥም ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ 0ን ባለበት ይዞ ወረቀቱን እንደ መጽሐፍ ገጽ መገልበጥ። ይገልብጠው። ነጥቦቹ በስሱ ወረቀት ጀርባ ይታያሉ፦ ከ0 ይበልጥ ርቆ በስተቀኝ የነበረው የ5 ነጥብ አሁን ይበልጥ ርቆ በስተግራ ተገኝቷል። −5 < −2። ምልክቱን ያዞረው ሰው የለም፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ቅደም ተከተሉ አብሮ ተገለበጠ፣ እኛ የጻፍነው የሆነውን ብቻ ነው። ለ−2 ማካፈል ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው፦ ላስቲኩን ለቅቆ መሰብሰብና መገልበጥ።

እኩልታ ላይ ለምን አይዞርም ላለው መልሱ እዚሁ ወረቀት ላይ አለ። ሁለት እኩል ነገሮች በመስመሩ ላይ አንድ ነጥብ ናቸው። አንድ ነጥብ ብትገለብጪው ያው አንድ ነጥብ ነው፤ ግራና ቀኝ የሌለው ነገር ግራና ቀኙ አይለዋወጥም። በ0 ማባዛት የማይፈቀድበትን ምክንያትም ከፈለጋችሁ እዩት፦ 2ም 5ም 0 ላይ ይወድቃሉ፤ ማን እንደሚያንስ የሚናገረው መረጃ ጨርሶ ይጠፋል። በማይታወቅ ቁጥር፣ ማለትም በሀ ራሱ፣ ግራና ቀኙን ማካፈልም አደገኛ ነው፤ ሀ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ስለማናውቅ ወረቀቱ ይገልበጥ አይገልበጥ አናውቅም።

ወረቀቱን ያላመነ ልጅ ካለ ሌላ መንገድ አለኝ፤ እሱን ያስተማረኝ ግን ተማሪ ነው። ከዓመታት በፊት 7 − 2ሀ < 1 የሚል ጥያቄ ሰጥቼ ነበር። ሁሉም 7ቱን ወደ ማዶ ወስዶ ለ−2 ሲያካፍል እሱ በሁለቱም ጎን 2ሀ ደመረ፦ 7 < 1 + 2ሀ። ከሁለቱም ጎን 1 ቀነሰ፦ 6 < 2ሀ። ለ2 አካፈለ፦ 3 < ሀ። እኔ ምልክቱ ሲዞር ስላላየሁ በቀይ ሰረዝኩበት። በማግስቱ ሀን በ4 እና በ5 ተክቶ፣ −1 እና −3 አግኝቶ፣ ሁለቱም ከ1 እንደሚያንሱ ጽፎ በዝምታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ነጥቡን በክፍሉ ፊት መለስኩለት፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ የሰረዝኩት እኔ ልሰጠው ይገባኝ የነበረውን ማስረጃ ነበርና።

የወንድምሽን ጥያቄ በዚያ ልጅ መንገድ እንሥራው። 5 − 2ሀ > 11። በሁለቱም ጎን 2ሀ እንደምር፦ 5 > 11 + 2ሀ። ከሁለቱም 11 እንቀንስ፦ −6 > 2ሀ። ለ2 እናካፍል፦ −3 > ሀ። ምንም ነገር አላዞርንም፣ በኔጌቲቭም አላካፈልንም። ሆኖም «−3 ከሀ ይበልጣል» ማለት «ሀ ከ−3 ያንሳል» ማለት ነው። ሀ < −3። ይህን መንገድ እኔ ከአቋራጩ በፊት ባስተምረው እመርጣለሁ። ረጅም ቢሆንም ልጁ ምልክቱን መቼ እንደሚያዞር በቃሉ መያዝ አይጠበቅበትም፤ አቋራጩን በኋላ ራሱ ያገኘዋል።

እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቂ። −3 > ሀ ተጽፎ ሲያዩ ብዙ ልጆች ምልክቱ ወደ ቀኝ የሚጠቁም ቀስት ይመስላቸውና ከ−3 ወደ ቀኝ ያቀልማሉ። ምልክቱ ቀስት አይደለም። ጠባቡ ጫፍ ወደሚያንሰው፣ የተከፈተው አፍ ወደሚበልጠው ነው፤ ያ ብቻ። ሀ በግራ ጎን እስኪሆን ድረስ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ እንዲጽፈው አድርጊ፣ ከዚያ ወደ ሥዕሉ ይሂድ።

ሌላው ወጥመድ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ኔጌቲቭ ባየ ቁጥር ማዞር። 3ሀ < −12 ላይ ያለው −12 ኔጌቲቭ ነው፤ የምናካፍለው ግን ለ3 ነው። ወረቀቱ አይገለበጥም፤ መልሱ ሀ < −4 ነው። «ኔጌቲቭ ካለ አዙር» ብሎ የያዘ ልጅ እዚህ ይወድቃል፣ ወረቀቱን የገለበጠ ልጅ ግን አይወድቅም።

አሁን ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ጉዳይ በጣም ነው የምወደው፣ መጻሕፍት ግን እምብዛም አያነሡትም። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ሀ ከ4 ያንሳል» እንላለን፤ በምልክት ስንጽፍ ግን «ያንሳል» መሃል ላይ ይገባል፦ ሀ < 4። ደግሞ በንግግር «ሀ ከ4 ያንሳል» ብንልም «ከ4 ሀ ያንሳል» ብንልም አንድ ነው፤ «ከ» የምትለው ፊደል ማን ከማን እንደሚያንስ ስለምትጠብቅልን ቃላቱን ማቀያየር እንችላለን። ምልክቱ ግን «ከ» የለውም። የእሱ «ከ» ቦታ ነው። በግራ ያለው ነው ባለቤቱ። ወንድምሽ «ከ4 ሀ ያንሳል» የሚለውን ሰምቶ በሰማው ቅደም ተከተል 4 < ሀ ብሎ ቢጽፍ አትገረሚ፤ «መጀመሪያ ‹ከ› የሌለበትን ፈልግ፣ እሱን በግራ ጻፍ» ብትይው ይበቃዋል።

ከዚህ የሚብሰው «ቢያንስ» ነው። «ሀ ቢያንስ 5 ነው» ሲባል ጆሮ የሚሰማው ማነስን ነው፤ እጅም < ወይም ≤ ይጽፋል። ቃሉን ፈታ አድርገሽ አሳዪው፦ «አነሰ ቢባል እንኳ 5 ነው» ማለት ነው። ስለዚህ ትንሹ 5 ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በላይ ነው፦ ሀ ≥ 5። «ቢበዛ 5» ደግሞ «በዛ ቢባል እንኳ 5» ነውና ሀ ≤ 5። አሉታ ሲመጣም እንዲሁ። «ከ5 አይበልጥም» ያለ ሰው 5ን አልከለከለም፤ የከለከለው ከ5 የሚበልጡትን ነው፤ ስለዚህ ሀ ≤ 5 እንጂ ሀ < 5 አይደለም። «ከ5 አያንስም» ሀ ≥ 5 ነው። በቃል የተሰጠ ጥያቄ ላይ ከሚወድቁት ልጆች ብዙዎቹ ስሌቱን ይችላሉ፤ የወደቁት በዚህች ቃል ላይ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንቺ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፣ እሱ በምልክት ይጻፍ፤ ከዚያ እሱ ይናገር፣ አንቺ ጻፊ።

ከዚህ በኋላ ክቡ ቀላል ነው። ባዶ ክብ «ድንበሩ አይገባም»፣ የተሞላ ክብ «ድንበሩም ይገባል» ማለት ነው። በግምት የሚሞላው ልጅ ድንበሩን ራሱን በዋናው ጥያቄ ውስጥ አስገብቶ ይፈትነው። 5 − 2ሀ > 11 ላይ −3 ገብቶ 11 > 11 ሰጠን፤ ሐሰት ነው፣ ክቡ ባዶ ይሁን። ጥያቄው ≥ ቢሆን ኖሮ 11 ≥ 11 እውነት ስለሆነ ክቡ ይሞላ ነበር። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ «11 ከ11 አይበልጥም እኮ!» ይላሉ። ≥ «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ነው፤ ከሁለቱ አንዱ እውነት ከሆነ በቂ ነው።

ከክቡ ጀርባ ግን አንድ ደስ የሚል ጥያቄ ተደብቋል፤ ለወንድምሽ አንሺለት። ሀ < 4 ከሆነ ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ትልቁ ማን ነው? «3» ይልሻል። 3.5 ስ? ይገባል። 3.9? ይገባል። 3.99? 3.999? የፈለገውን ቢጠራ በእሱና በ4 መካከል ሌላ ቁጥር አለ። ትልቁ የሚባል የለም። ባዶው ክብ የሚስለው ይህንን ነው፤ እስከ ደጃፉ ይደረሳል፣ ደጃፉን ግን አይረገጥም። ልጁ ይህን ሲያይ ለምን 3 ላይ ነጥብ አድርጎ እንደማይቆም፣ ለምን መስመሩን ሳያቋርጥ እንደሚያቀልም ይገባዋል።

ሳያቋርጥ የማይቀለምበት ጊዜም አለ። አንድ ሊፍት ቢበዛ 600 ኪሎ ግራም ይሸከማል እንበል። ውስጡ ያሉት ሰዎች በድምሩ 120 ኪሎ ይመዝናሉ፤ እያንዳንዱ 40 ኪሎ የሆነ ሣጥን ስንት ማስገባት ይቻላል? 120 + 40ሀ ≤ 600፤ 40ሀ ≤ 480፤ ሀ ≤ 12። ነገር ግን ግማሽ ሣጥን የለም፣ ከ0 ያነሰ ሣጥንም የለም። ሥዕሉ ከ0 እስከ 12 የተለያዩ 13 ነጥቦች ነው። ስለዚህ ከመሳሉ በፊት ሀ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነ ይጠይቅ፤ ጥያቄው ምንም ካላለ ሁሉም ቁጥር ይፈቀዳል ተብሎ ይወሰዳል።

ደብተሩን ያስዘጋው የጠፋው ሀ ምናልባት እንደዚህ ያለ ይሆናል፦ 4ሀ + 3 < 4ሀ + 1። ከሁለቱም ጎን 4ሀ ሲቀነስ 3 < 1 ብቻ ይቀራል። ልጁ የተሳሳተ መስሎት ደነገጠ፤ አልተሳሳተም። እናንተው ምሳሌ ትሆናላችሁ። ታላቁ ታናሹን በ2 ዓመት ቢበልጠው፣ ሁለቱም በየዓመቱ እኩል ስለሚያድጉ ታናሹ መቼም አይደርስበትም። 4ሀ + 3 ከ4ሀ + 1 ሁልጊዜ በ2 ይበልጣል፣ ሀ ምንም ይሁን ምን። ታላቁ ከታናሹ የሚያንስበት ቀን የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ መልሱ «የለም» ነው። 3 < 1 የሚለው ሐሰት ይህንኑ ነገረን፦ መፍትሔ የለውም፣ የቁጥር መስመሩ ሳይቀለም ይተዋል። ጥያቄው ተገልብጦ 4ሀ + 1 < 4ሀ + 3 ቢሆን 1 < 3 ይቀር ነበር፤ ሁልጊዜ እውነት ነውና መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ይቀለማል። ሀ ሲጠፋ የቀረውን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ነው፤ እውነት ከሆነ ሁሉም ቁጥር፣ ሐሰት ከሆነ ማንም።

ወደፊት ሁለት ፊደል ያለበት ይመጣበታል፣ ለምሳሌ ሀ + ለ < 4። አትፍሩት፤ ድንበሩ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መስመር ይሆናል፣ የሚቀለመውም ከመስመሩ አንዱ ወገን ነው። ባዶ ክብ የነበረው እዚያ የተቆራረጠ መስመር፣ የተሞላው ክብ ደግሞ ያልተቆራረጠ መስመር ይሆናል። የትኛው ወገን እንደሚቀለም ለማወቅ ያው የድሮው ፈተና ነው፦ (0፣ 0) አስገቡ፤ 0 + 0 < 4 እውነት ስለሆነ (0፣ 0) ያለበት ወገን ይቀለማል።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ፤ ለሁለታችሁ ነው፣ እንዳትረጂው። 2(3 − ሀ) ≤ ሀ + 12። አንዳችሁ ሀዎቹን ወደ ግራ፣ ሌላችሁ ወደ ቀኝ ሰብስባችሁ ለየብቻ ሥሩት። ከመካከላችሁ አንዱ ወረቀቱን መገልበጥ ይኖርበታል፣ አንዱ አይኖርበትም። ሁለታችሁም በቁጥር መስመር ላይ ሳሉና ወረቀቶቹን ደራርባችሁ ወደ ብርሃን ያዙ። ክቦቹ −2 ላይ ካልገጠሙ፣ ወይም አንዱ ባዶ ሌላው የተሞላ ከሆነ፣ ማን እንደተሳሳተ አንቺ አትንገሪው። 0ን እና −3ን ያስገባና እሱ ይንገርሽ።